ኋላዬን የሚያይልኝ ረዳት አጣሁ፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የኋላ መብራት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፤ እንዲሁም ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ለምትሠሩና ለምትቆጣጠሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ እንዲታይና እንዲሰማ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በደሴ መስመር ላይ ነው። ጣርማ በርን በጉምም በዝናብም፣ በቀንም በሌሊትም አውቀዋለሁ። ይህን ያነሣሁት ልኩራራ ብዬ አይደለም። "ሽማግሌው መንዳት ቢያቅተው ነው" ብላችሁ ደብዳቤውን ሳትጨርሱ እንዳታስቀምጡት ብዬ ነው።

አዎ፣ ገጭቻለሁ። በገዛ ደጄ፣ ወደ ኋላ ስወጣ።

አምና ልጄ ያገለገለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ሰጠኝ። ለቻይና ገበያ የተሠራች ናት። ስክሪኗም የሚያወራው ቻይንኛ ነው። መኪናዋን አልጠላኋትም። ነዳጅ ሰልፍ ላይ መዋል ቀረልኝ። ማታ እሰካታለሁ፣ ጠዋት ሞልታ አገኛታለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለክል ካጉረመረሙት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አሁን ዝም ብያለሁ።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር። መናኸሪያ ላደርሳት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣሁ። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ ለማያውቅ ልንገር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ወር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ውጭ ያደረ መኪና መስታወቱ ላይ በረዶ ይጋገርበታል። የፊቱን መስታወት በፕላስቲክ ካርድ ፋቅሁ። የኋላውን ተውኩት። ካሜራ አላት ብዬ ነዋ!

ሪቨርስ አስገባሁ። ስክሪኑ በራ። የሚታየው ግን አሬራ የተደፋበት ይመስላል። ለካ ሌንሱንም ውርጭ ይዞታል። በቀኝ በኩል የጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። በግራ በኩል ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሴንሰሩ ጭጭ ብሏል። ሴንሰሩ ዝም ካለ መንገዱ ነጻ ነው ብዬ ለቀቅ አደረግኳት።

ዱብ አለ። ቀጥሎ የበግ ጩኸት ሰማሁ። ቀጥሎ የልጅ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ጎረቤቴ በጎቹን ለገና ገበያ እየነዳ ከፊት ሄዷል። የ9 ዓመት ልጁ የመጨረሻውን በግ በገመድ እየጎተተ ይከተለው ነበር። መኪናዋ በጉን ስትገጨው በጉ ደግሞ ልጁን ጥሎታል። የበጉ የኋላ እግር ተሰበረ። ልጁ መዳፉ ተላጠ እንጂ፣ ተመስገን፣ ሌላ ነገር አልሆነም። የበጉን ዋጋ ከፈልኩ። እሱ ቀላሉ ነው። ልጁን አቅፌ "እንዴት ከመኪና ኋላ ታልፋለህ?" ስለው የመለሰልኝ መልስ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

"የቆመች መስሎኝ ነው፣ አባባ።"

እውነቱን ነው። ሞተር አይጮኽም። ጭስ የለም። እሱ ባለበት በኩል መብራት የለም። ታዲያ ምን አይቶ፣ ምን ሰምቶ ይጠርጥር?

እኔ በከባድ መኪና ዘመኔ ወደ ኋላ ስሄድ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ረዳት ነበረኝ። የሸዋ ሮቢት ገበያ መሀል ተሳቢ ይዤ ስገባ ረዳቴ ወርዶ "ና! ና! ና! ግራህን ስበር! ና! በቃ!" ይላል። ካልሰማሁት ስፖንዳውን በመዳፉ ይደበድበዋል። ሲናደድ ደግሞ በድንጋይ። እሱ ዓይኔ ብቻ አልነበረም። ለመንገደኛውም ማስጠንቀቂያ ነበር። እሱ ሲጮኽ ሴቶቹ ሽንኩርታቸውን ይሰበስባሉ፣ ባለ አህያው አህያውን ይጎትታል። ያን ጊዜ "የሪቨርስ መብራት" የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። የሚሠራ ሪቨርስ መብራት ያለው መኪና ነድቼ ከሆነም ትዝ አይለኝም።

መኪናውም ራሱ ይናገር ነበር። በማንዋል መኪና የኋላ ማርሽ ሲገባ "ዊይይ" የሚል ፉጨት ታስታውሳላችሁ? እሱ ዝም ብሎ የመጣ ድምፅ አይደለም። ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ጥርሳቸው ሰያፍ ሆኖ ስለሚቆረጥ በጸጥታ ይያያዛሉ። የኋላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ይጮኻል። ማንም ለደኅንነት ብሎ አልሠራውም፤ ግን ስንቱን ሕፃን እንዳተረፈ ፈጣሪ ይወቀው። የሰፈር ልጆች ያንን ፉጨት ሲሰሙ ዞር ይሉ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ለኋላ የተለየ ማርሽ የለውም። ያው ሞተር በተቃራኒው ይዞራል፣ አለቀ። በጸጥታ ወደ ፊት፣ በጸጥታ ወደ ኋላ። ክብደቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ባትሪው ከሥሩ ስላለ፣ ከመካከላቸው ከ2 ቶን በላይ የሚመዝኑ አሉ።

ከአደጋው በኋላ መኪናዋን አንድ የማውቀው ኤሌክትሪሻን ዘንድ ወሰድኳት። "የግራው ሪቨርስ አምፖሌ ተቃጥሏል፣ ቀይርልኝ" አልኩት። ከፍቶ አየና ሳቀ።

"አልተቃጠለም ጋሼ። ሲፈጠርም የለም።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ብዙ ሰው እንደ እኔ አያውቅም ብዬ ነው። በዓለም አቀፉ የመኪና መብራት ደንብ መሠረት የቤት መኪና የግድ ሊኖረው የሚገባው ነጭ የሪቨርስ መብራት አንድ ነው። ሁለተኛው የፋብሪካው ፈቃድ ነው። ከኋላ ደግሞ ቀይ የጉም መብራት አለ። እሱም አንድ ብቻ ከሆነ፣ እንደ እኛ በቀኝ በሚነዳበት አገር በግራ በኩል እንዲሆን ታዟል። ከኋላ የሚመጣውና ለመቅደም የሚያስበው ሹፌር እንዲያየው ነው ይባላል። እንግዲህ ፋብሪካው ምን ያደርጋል? በግራ ቀዩን፣ በቀኝ ነጩን ያስገባል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ቅርጻቸው አንድ ነው። ሲበራ ግን ግማሹ ጎን ጨለማ ነው። ልጁና በጉ የነበሩት በዚያ በጨለማው ጎን ነው።

የመብራቱ ጉልበትም አለ። ደንቡ ለሪቨርስ መብራት በመሀል አቅጣጫው ላይ የሚጠይቀው ትንሹ ብርሃን 80 ካንዴላ ነው። ካንዴላ ማለት በግርድፉ የአንድ ሻማ ብርሃን ነው። የፊት መብራት በሺዎች ነው የሚለካው። 80 ሻማ ለአውሮፓ ከተማ፣ የመንገድ መብራት ከላይ ለሚያንቦገቡግበት፣ ይበቃ ይሆናል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ በሰማይ በታየ ብርሃን ነው ይባላል። የእኔ ሰፈር መንገድ ግን እስከ ዛሬም ከሰማይ ካልሆነ ብርሃን አያገኝም።

በእርግጥ አንድ መብራት ብቻ ያላቸው የቤንዚን መኪኖችም ሞልተዋል። ይህ የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ጥፋት አይደለም። ልዩነቱ፣ የቤንዚኑ መኪና ባይታይ ይሰማል። የእኔዋ አትታይም፣ አትሰማም።

"ካሜራስ?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ካሜራ ግን መብራት አይደለም። ጨለማ ውስጥ የሚያየው የሪቨርሷ መብራት ያበራችለትን ነው። እሷ ያላበራችውን እሱም አያይም፤ ወይም ጥሬ እንደተበተነበት ሰፌድ የተዥጎረጎረ ምስል ያሳያል። ሌንሱ ሰፊ ቦታ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ከእውነተኛው ርቀት አርቆ ነው የሚያሳየው። ሁለት እርምጃ ላይ ያለ ሰው አምስት እርምጃ ላይ ይመስላል። ቦታውም ታርጋው አጠገብ ነው፤ አቧራና ጭቃ የሚሰበሰብበት። ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ የመንዝን ወይም የአንኮበርን መንገድ አንድ ቀን ሂዱበት። ስትመለሱ ካሜራው የሚያሳያችሁ የራሳችሁን ጭቃ ነው።

መብራቶቹ ራሳቸው ኤልኢዲ ስለሆኑ ሌላ ጣጣ አመጡ። የድሮው አምፖል ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይግላል። ሙቀቱ ግን ውርጩን ከላዩ ያቀልጠው ነበር። ኤልኢዲ ፊቱ ቀዝቃዛ ነው። በረዶው እንደተለጠፈበት ይቀመጣል። በ80 ሻማ ላይ የበረዶ መጋረጃ ስትጨምሩበት ምን እንደሚቀር አስቡት።

ከሁሉ የገረመኝ ሴንሰሩ ነው። "ለምን ዝም አለ?" ብዬ ኤሌክትሪሻኑን ያዝኩት። ግድግዳ አጠገብ ስንወስዳት ትጮኻለች። ብረት ስናስጠጋላት ትጮኻለች። ከዚያ ኤሌክትሪሻኑ አንድ ነገር አደረገ። ጋቢዬን ከትከሻዬ ወሰደና አራት አጥፎ ከኋላዋ አንጠለጠለው። ዘግይታ፣ እንደ ነገሩ "ቢፕ" አለች። ሴንሰሩ የሚሠራው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ልኮ፣ ነገሩን ነክቶ ሲመለስ በመስማት ነው። ጠንካራ ነገር ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል። ጨርቅና ሱፍ ግን ይውጡታል። እንግዲህ የእኛን አገር አስቡ። በግ ሱፍ ነው። በርኖስ የለበሰ የመንዝ ሽማግሌ ሱፍ ነው። ጋቢዋን ተከናንባ ኪዳን የምትሄድ እናት ጥጥ ናት። ፋብሪካው ይህን ያውቃል። የብዙ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍም ልብስ ላይታይ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የእኔ መመሪያ መጽሐፍ በቻይንኛ ነው እንጂ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

መኪናዋ ድምፅ ነበራት። ስትገዛ በዝግታ ስትሄድና ወደ ኋላ ስትወጣ "ዝዝዝ" የምትል ነገር ነበረች። ለእግረኛ ተብላ የተገጠመች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ናት። አላወቅኩም። የተበላሸ ነገር መሰለኝ። ሌሊት ስገባ ሰፈሩን የምረብሽ መሰለኝና አፈርኩ። አንድ ጋራዥ ወስጄ "ይህቺን ነገር አጥፉልኝ" አልኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሶኬቷን ነቀሉት። አንዳቸውም "ለምን ታስጠፋለህ?" አላሉኝም። እኔም በጸጥታዋ ስኩራራ ከረምኩ። ልጁ "የቆመች መስሎኝ ነው" ሲለኝ ያፈርኩት ለዚህ ነው። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በሌላው ዓለም ይህ ድምፅ የጌጥ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ቁጥር 138 የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 20 ኪ.ሜ. በሰዓት ሲጓዝና ወደ ኋላ ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ ያዛል። ወደ ኋላ ሲሄድ ትንሹ 47 ዴሲቤል ነው። ዝግ ባለ ድምፅ የሚያወሩ ሰዎች ያህል ማለት ነው፤ ሰፈር የሚረብሽ ነገር አይደለም። በተሻሻለው ደንብ ሹፌሩ ድምፁን የሚያጠፋበት ቁልፍ ጭምር ቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ድምፅ የሌለው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገበያው ውስጥ አያስገባም።

ካሜራም ቢሆን ደንብ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ወዲህ አዲስ የሚሸጥ ማንኛውም ቀላል መኪና የኋላ ካሜራ እንዲኖረው አስገድዳለች። ሪቨርስ በገባ በ2 ሰከንድ ውስጥ ምስሉ መምጣት አለበት። ከመኪናው ኋላ 3 ሜትር በ6 ሜትር የሚሆን ቦታ መታየት አለበት። ሕጉ የወጣው አባቱ መኪና ወደ ኋላ ሲያወጣ የገጨው የ2 ዓመት ሕፃን ከሞተ በኋላ ነው። አባትየው ሐኪም ነበር፤ የሕፃናት ሐኪም። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። የእኔ በግ ነው። የእሱ ልጁ ነው።

ከዚህ በኋላ ለቦሎ ምርመራ ሄድኩ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። "ፍሬቻ" አሉኝ፣ አበራሁ። "ፍሬን ርገጥ" አሉኝ፣ ረገጥኩ። ጎማ አዩ። የፊት መብራት ለኩ። ወረቀቱን ሊፈርሙልኝ ሲሉ እኔ ራሴ ጠየቅኩ።

"ሪቨርሷን አላያችሁልኝም እኮ።"

"ትሠራለች?"

"አንዷ ትሠራለች።"

"እንግዲያው ምን ቀረዎት ጋሼ!" ብሎ ፈረመልኝ።

እሱን አልወቅስም። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያውም የለችም። ድምፁን ግን የጠየቀኝ የለም። ካሜራውንም ያየው የለም። በአምስት ሰዓት ፀሐይ ደግሞ ሻማም በራ፣ አምፖልም በራ፣ "ይሠራል" ነው የሚባለው።

ስለ ጉም መብራት ካነሣሁ አይቀር፣ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ጉሙ ሲወርድ ኮፈንህን አታይም። የእኛ ሹፌር ያኔ አራቱንም ፍሬቻ እያበራ ይነዳል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። አራቱም ፍሬቻ ሲበራ ግን መታጠፍህን ማንም አያውቅም። ቆመህም ሆነ እየሄድክ ከኋላ ለሚመጣው አንድ ነው። የግራዋ ቀይ መብራት ለዚህ ነበር የተሠራችው። ከተራው የኋላ መብራት በጣም ትደምቃለች። መኪናዋ ውስጥ ቁልፍ አላት፤ ብዙዎቻችን ነክተናት አናውቅም። የነካት ደግሞ በጥርት ባለ ሌሊት አብርቶ ይረሳትና የኋለኛውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል።

ቁልቁለቱም ሌላ ነገር አለው። የኤሌክትሪክ መኪና እግርህን ከነዳጅ መስጫው (ነዳጅ የለውም እንጂ እኛ እንደዚያ ነው የምንለው) ስታነሣ ራሱ ይይዛል፤ ሞተሩ ባትሪ እየሞላ ያዘገየዋል። ፍሬን አልረገጥክም። ስቶፕ መብራቱ ይብራ? ደንቡ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ከ1.3 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም ከ5 ኪ.ሜ. በሰዓት ገደማ፣ በላይ ከቀነሰ የግድ ይብራ ይላል። ከዚያ በታች ለፋብሪካው የተተወ ቦታ አለ፤ በጣም በዝግታ ሲቀንስ ደግሞ ጭራሽ አይበራም። እንግዲህ ወደ ደብረ ሲና በምንወርድበት ጠመዝማዛ ላይ፣ ከፊቴ ያለው መኪና ቀይ ሳያሳይ ቀስ እያለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጭነት ይዛችሁ ለምትወርዱ ልጆቼ የምነግራችሁ፦ ከኤሌክትሪክ መኪና ኋላ ራቅ በሉ። ቀዩን አትጠብቁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሰዉ የኋላ ጨለማውን አውቆታል፤ መፍትሔ ያለውንም እየወሰደ ነው። መፍትሔው ግን አንዳንዴ ከበሽታው ይብሳል። ከገበያ ረጅም ኤልኢዲ ባር ይገዛና ፓራውልቱ ላይ ያስራል። ለብቻው ማብሪያ ያወጣለታል። ከዚያ አብርቶ ይረሳል። ባለፈው ወር ጫጫ አካባቢ ከፊቴ አንድ መኪና ነጭ መብራት አብርቶ ይሄዳል። ወደ እኔ እየመጣ ነው ብዬ ዳር ያዝኩ። ለካ እየራቀኝ ነው! ነጭ መብራት ለሚያየው "መጣሁልህ" ማለት ነው፣ ቀይ "ከፊትህ ነኝ" ማለት ነው። ይህ ከተደበላለቀ ሌሊት መንዳት አይቻልም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም።

በመጀመሪያ ምርመራው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ፣ ከጣሪያ ሥር አስገብታችሁ፣ ሪቨርስ አስገቡት። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ በዓይን ይታያል። ግራውም ቀኙም ይታያል። በዚያው ድምፁን ስሙ። ድምፁ ከጠፋ፣ ፍሬቻው እንዳልሠራ መኪና ቁጠሩትና መልሱት። እኔን ብትመልሱኝ ኖሮ አመሰግናችሁ ነበር። ለዚህ አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ግድግዳና ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሁለተኛ መብራት መጨመር የሚፈልግ ሰው መንገዱን አሳውቁት። ዓለም አቀፉ ደንብ ሁለት ይፈቅዳል። የሚጠየቀው ነጭ እንዲሆን፣ ከሪቨርስ ማርሹ ጋር ብቻ እንዲበራ፣ ወደ ፊት ሲኬድ እንዲጠፋ፣ የሰው ዓይን ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ እንዲያርፍ ነው። ይህን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለጋራዦች ስጡ። ኤሌክትሪሻኑ የት እንደሚቀጥል ያውቃል፤ ያጣው ፈቃዱንና ልኩን ነው። ለእኔ እንኳ በነጻ ልሥራልህ ብሎኝ ነበር። "በቦሎ ይጥሉኛል" ብዬ ፈራሁና ተውኩት። አሁንም ግራዋ ጨለማ ናት።

አስመጪዎችንም ጠይቁልን። ስክሪኑን ወደ እንግሊዝኛ እንኳ ቢቀይሩት ግማሽ መንገድ ነው፤ አማርኛ ቢሆን ደግሞ እሰየው። መኪናዬ ስለ ኋላዋ የምታውቀውን ሁሉ ትነግረኛለች፣ በማላውቀው ቋንቋ። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ለልጄ ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ፤ እሱም ተርጓሚ ስልኩ ላይ አድርጎ መልሱን ይልክልኛል። አንዱ ቀይ ጽሑፍ "የኋላ ካሜራውን ያጽዱ" ነበር። ከበጉ አንድ ሳምንት በፊት የመጣ ነው።

የፋብሪካውን ንድፍ እናንተ አትቀይሩትም፤ አውቃለሁ። እነዚህ መኪኖች ባትሪያቸው ረጅም እንዲያስኬድ ነፋስ እንዳይዛቸው ተደርገው ነው የሚቀረጹት። ጀርባቸው ከፍ ይላል፣ የኋላ መስታወታቸው ይጠባል። እንዲያውም የኋላ መስታወት ጨርሶ የሌለው፣ በካሜራ ብቻ የሚያይ መኪና አሁን ይሸጣል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደምንለው እንጃ። ቢያንስ ያለውን መብራትና ያለውን ድምፅ እናድን ነው የምለው።

እስከዚያው እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጠዋት ከመነሣቴ በፊት መኪናዋን አንዴ እዞራታለሁ። ድሮ ጎማ እየረገጥን እንደምንዞረው ማለት ነው። ኪሴ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ አለ፤ ካሜራውን፣ የሪቨርሷን መብራትና የሴንሰሮቹን ዓይን እጠርግበታለሁ። የኋላውን መስታወት ውርጭም ሳልፍቅ አልነሣም። ማታ ስገባ ደግሞ ጀርባዋን አስቀድሜ ነው የማስገባት፤ ጠዋት በፊት መብራት በፊቴ እንድወጣ። ከዚህ ሁሉ ይህ የመጨረሻው ነው የጠቀመኝ። በከባድ መኪና ጊዜ የማውቀውን ነገር ትንሽ መኪና ስይዝ ረስቼው ነበር።

ድምፅ ማጉያዋን አስመልሻለሁ። "ዝዝዝ" ትላለች። የጎረቤቴ ልጅ መኪናዋ ስትወጣ ሲሰማ ከቤት ይሮጥና አጥሩ ጥግ ይቆማል። "ና! ና! ና! አባባ፣ ግራህን ስበር!" ይላል። ከየት እንደተማረው አላውቅም፤ ከእኔው ሳይሆን አይቀርም። ከመኪና ኋላ እንዳይቆም ነግሬዋለሁ። "ስፖኪዮዬ ውስጥ ካላየሁህ ንቅንቅ አልልም" ብዬዋለሁ። አሁን መጀመሪያ ስፖኪዮው ውስጥ መታየቱን እጁን እያውለበለበ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ነው የሚጮኸው።

መልሳችሁን በትሕትና እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የደሴ መስመር ሾፌር
ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ለሰሜን ሸዋ ጋራዦችና ኤሌክትሪሻኖች በሙሉ
ሶኬቷን ለነቀለልኝ ጋራዥ